ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ወበቅ

ለክቡር ወበቅ
ክራቢ ክፍለ ሀገር፣ ደቡብ ታይላንድ

ጉዳዩ፦ ያልተጠራ አስተናጋጅነትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ ብዬ አልጠይቅም፤ ሙሉ ጤና ላይ መሆንዎን ሸሚዜ ይመሰክራል።

አቤቱታዬ የሚጀምረው ከፎቶው ነው። የሬይሌይ ባሕር ዳርቻ በየአስጎብኚው ማስታወቂያ ላይ አለ። አሸዋው አለ፣ ቀጥ ያለው የኖራ ድንጋይ ገደል አለ፣ ባለ ረጅም ጭራዋ ጀልባም አፍንጫዋ ላይ ባለቀለም ጨርቅ አስራ ቆማለች። እርስዎ የሉም! እዚህ ስደርስ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እስከ መኝታዬ ድረስ አንድም ጊዜ ያልተለየኝ እርስዎ ነዎት። ሬይሌይን ገደሉ ከየብስ ስለቆረጣት ሰው ሁሉ በጀልባ ከፍሎ ነው የሚገባው። እርስዎ ሳይከፍሉ ቀድመውኝ ገብተው ወንበሬ ላይ ጠበቁኝ።

ላብ ሥራው ተንኖ ገላን ማቀዝቀዝ ነው። አየሩን አስቀድመው በእንፋሎት ጢም አድርገው ስለሞሉት የእኔ ላብ መሄጃ አጥቶ ጀርባዬ ላይ ቋሚ ነዋሪ ሆኗል። «ባሕር ግባ» የሚሉኝ አሉ። የአንዳማን ባሕር ራሱ 28 እና 29 ዲግሪ ነው፤ ከእርስዎ ሸሽቼ ዘመድዎ ቤት ልደበቅ?

የነብር ዋሻ ቤተ መቅደስ ላይ ያደረጉት ግን ከሁሉም ይብሳል። ደረጃው ከ1,200 በላይ ነው። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን የሚለው የመቅደሱ ደንብ ነው፣ አከብራለሁ። ከሥር ያሉት ጦጣዎችም የውሃ ጠርሙስ ይነጥቃሉ፤ ቢያንስ ነጥቀው ይሄዳሉ። እርስዎ አብረውኝ ወጡ። ያውም ጀርባዬ ላይ ታዝለው። እንደምንም ጫፍ ደርሼ ወርቃማው ቡድሃ አጠገብ ስቆም፣ ያ ሁሉ ደሴት ይታይበታል የተባለውን አድማስ በነጭ ጭጋግ ጋርደው ጠበቁኝ።

መሸሸጊያዬ ሰቨን ኢሌቨን የሚባለው ሱቅ በር ነው። ቀዝቃዛው አየር ሲቀበለኝ የመጠጡ ማቀዝቀዣ ፊት ቆሜ የማልገዛውን ሁሉ ዋጋ በአገሩ ገንዘብ፣ በባት በባቱ አነባለሁ። ሻጯ ገብቷታል፤ ፈገግ ትልና ዝም ትለኛለች። ስወጣ ግን ደጅ ላይ ቆመው ጠብቀው መነጽሬ ላይ ልጥፍ! በዚያ ቅጽበት መንገዱ፣ ሞተር ብስክሌቱና የሙዝ ሻጩ ጋሪ አንድ ላይ ይጠፉብኛል።

ማታ ያሰጣሁትን ካናቴራ ጠዋት ሳነሳው እርጥበቱ እንዳለ ሆኖ ሽታ ተጨምሮበታል። ብስኩቴም ልምሾ ሆኗል። ይህን አላነሳውም።

እረፍት አያውቁም እንዴ? እዚሁ ክፍለ ሀገር ያለችው የባሕር ወሽመጥ ማያ ቤይ እንኳ ጎብኚ በዝቶባት በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘግታ እስከ 2022 መጀመሪያ አረፈች፤ አሁንም ከባሕሩ ሥር ያለው ሕያው ፍጥረት፣ ኮራሉ፣ እንዲያገግም በየዓመቱ ትዘጋለች። የዓመት ፈቃድ ለኮራል ከተሰጠ እርስዎን ማን ከለከለዎት? ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡን ሰበብ ያደርጋሉ፤ ይሁን። በደረቁ ወራትስ «ተረኛ ነኝ» ብለው የሚገኙት በማን ትእዛዝ ነው?

ይልቀቁ አልልም፤ አገሩ የእርስዎ ነው። የአገሩ ሰውም ጠባይዎን ስለሚያውቅ ቀትሩን ጥላ ሥር አሳልፎ ገበያውን ማታ ያቆማል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ እባክዎ ፎቶው ውስጥ ይግቡ። ገደሉ አጠገብ ቆመው ይነሱና ጎብኚ ቲኬቱን ሳይቆርጥ ይተዋወቅዎ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ ነበር፤ ባዶውን ፖስታ ሻንጣዬ ውስጥ እንዳለ ቀድመው ስላሸጉት በእጅ ይድረስዎ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለክፍሌ ማራገቢያ (ሞቃቱን አየር ወዲህና ወዲያ ከማመላለስ ሌላ ሥራ ካለው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ)