ልቦለዱን ይዛችሁ ፒያሳ ውጡ

ባለፈው እሑድ ጠዋት የእህቴን ልጆችና ጓደኞቻቸውን ይዤ ፒያሳ ወጥቼ ነበር። ከእኔ ጋር ስምንት ነበርን። ቅዳሴ አልቆ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ከጊዮርጊስ ግቢ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠብቀን፣ የምኒልክ ሐውልት የሚታይበት ጥላ ቦታ መርጠን ቆምን። በእጄ የያዝኩት የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» የመጀመሪያው ቅጽ ነው። መጽሐፉ የአባቴ ነበር፤ ጥራዙ ላልቷል፣ የወረቀቱ ጠርዝ ቡናማ ሆኗል፣ መሐሉ ላይ አባቴ ለምልክት ያስቀመጠው የአውቶቡስ ቲኬት እስከ ዛሬ አለ። የወሎን ረሃብ ከሚያነሣው ክፍል ሁለት ገጽ ያህል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስጨርስ ከልጆቹ አንዷ ዙሪያዋን ቃኘችና፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እዚህ ፒያሳ ሰው ኬክ ይበላ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይበላ ነበር አልኳት። ኬክ ቤቱም፣ ሲኒማ ቤቱም፣ ወርቅ ቤቱም ክፍት ነበር። በ1965 ወሎ ላይ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ የመንግሥት ሹማምንት ነገሩን ሸፋፍነው ይዘውት ነበር። በጥቅምት 1966 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረፀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ጉዱን አወቀ። የአዲስ አበባ ሰው ግን ፊልሙን በቴሌቪዥን ያየው በ1967 በእንቁጣጣሽ ምሽት ነው፤ ያውም ደርግ የቤተ መንግሥት ድግስ አስገብቶበት፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው። ይህን ስነግራት ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከአጠገቤ አልራቀችም።

እኔ ይህች ከተማ የልቦለድ ጉብኝት ያስፈልጋታል ስል እንዲህ ያለውን ጥያቄ እያሰብኩ ነው። ቀንና ስም የተጻፈበት ድንጋይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስነሣም። ልቦለድ የሚያስነሣው ሰው ውስጥ አስገብቶ ስለሚያስኬደን ነው።

ሐሳቡ ከእኔ አልፈለቀም። ስኮትላንድ ውስጥ ይህ ሥራ ከተጀመረ ቆይቷል። የዲያና ጋባልደን «አውትላንደር» የተባለው ተከታታይ ታሪካዊ ልቦለድ የመጀመሪያ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፤ በ2014 ደግሞ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ተቀየረ። አንዲት የጦር ሜዳ ነርስ ወደ 18ኛው መቶ ዘመን ተመልሳ ስትገባ የሚተርክ ነው። ዛሬ ከኤድንብራና ከኢንቨርነስ በየቀኑ ትንንሽ ሚኒባሶች የመጽሐፉን አንባቢዎች ጭነው ይነሣሉ። በድራማው የጎሣ መኖሪያ ሆኖ የታየውን የዱን ግንብ ያያሉ፤ ቀጥለው እ.ኤ.አ. በ1746 የደጋው ተዋጊዎች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወዳለቁበት ወደ ከሎደን ሜዳ ይሄዳሉ። ከአስጎብኚው ጋር ስም ለስም ይተዋወቃሉ፤ የጠየቁት ይመለስላቸዋል።

እኛ ጋ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። «ማዕበል» የ1966ቱን አብዮት ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት በሦስት ቅጽ የሚተርክ ነው። ያ አብዮት የተካሄደባቸው ጎዳናዎች ደግሞ በየቀኑ በታክሲ የምናልፍባቸው ናቸው። በየካቲት 1966 የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ዋጋ የተነሣ ሥራ ያቆሙባት ከተማ ይህችው ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በትንሿ ቮልስዋገን ተጭነው የወጡበት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከመስቀል አደባባይ ብዙም አይርቅም፤ የተወሰዱበት አራተኛ ክፍለ ጦርም እዚያው አካባቢ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ሌሊት ያለ ፍርድ የተረሸኑት ባለሥልጣናት መታሰቢያ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ይገኛል። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይዞ በአንድ ቀን በእግር መዳረስ ይቻላል። ከጊዮርጊስ ተነሥቶ በራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ አራት ኪሎ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

አስጎብኚ የለንም እያልኩ አይደለም። አሉን፣ ጎበዞችም አሉ። ችግሩ ሥራው የተለመደው ቱሪስትን በብዛት ጭኖ ማዞር መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ሥላሴ ግቢ ውስጥ አርባ ከሚሆን የጎብኚ ቡድን ጋር ተገጣጥሜ ነበር። አስጎብኚው በድምፅ ማጉያ ዓመተ ምሕረት እየደረደረ ነው፤ ከኋላ ያሉት ምንም ስለማይሰሙ ስልካቸውን ይነካካሉ። አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት መቃብር ሊሳለሙ መጥተው ሰዉ መንገድ ዘግቶባቸው ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ። እኒያ እናት ሲጠብቁ ማየት አንጀቴን በላው። ለእሳቸው ያ ቦታ የቤተሰብ ሐዘን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ላይ አልደራደርም፤ ከአሥር ሰው በላይ አይሁን። አሥር ሰው ያለ ድምፅ ማጉያ ይሰማማል፣ መንገድ አይዘጋም፣ ጀበና የጣደች ሴት ደጅ በርጩማ አስጠግቶ አብሮ ቡና ይጠጣል። የሰፈሩ ሰው ከጉብኝቱ እንዲጠቀም ከተፈለገም የሚያዋጣው ይኸው ነው፤ አርባ ሰው የጫነ አውቶቡስ ቆሞ ቡና አይጠጣም።

አስጎብኚው ማን ይሁን የሚለው ላይም ጠንካራ አቋም አለኝ። መጽሐፉን ያነበበና ሰፈሩን በልጅነቱ የሚያውቅ ይሁን። ዶሮ ማነቂያን፣ ሠራተኛ ሰፈርን፣ እሪ በከንቱን፣ ውቤ በረሃን በስማቸው የሚጠራ ሰው። ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው። ፒያሳ የሚለውን ስም ጣልያን ትቶልን ሄዷል፤ የቀድሞው ስም አራዳ ነው። ታላቁ ገበያ እዚህ ነበር፤ ጣልያን ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ የከተማዋ ልብ የሚመታው እዚህ ጊዮርጊስ ሥር ነበር።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከሎደን ሜዳ ላይ የፍሬዘር ጎሣ ሙታን መታሰቢያ የሆነ ድንጋይ አለ። የልቦለዱ ጀግና የዚያ ጎሣ ልጅ ተደርጎ ስለተሳለ አንባቢው ወደዚያ ድንጋይ ብቻ ጎረፈ። በእግር ብዛት መሬቱ ተጎድቶ መከለያ እስከ ማበጀት ተደረሰ። በዚያ ሜዳ ለወደቁት እውነተኛ ሰዎች መቆም የነበረበት እግር ላልተወለደ ሰው ቆመ ማለት ነው። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። በእኛ ከተማ ደግሞ በየመቶ ሜትሩ የእውነተኛ ሰው ደም አለ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት ተደብድበው የወደቁት እዚሁ ነው፤ ሐውልታቸው በ2005 ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ ሲመለስ ያየን ሁላችን ነን። የልቦለድ ገጸ ባሕርይ ከእሳቸው ፊት መቅደም የለበትም። ስለዚህ አስጎብኚው በእያንዳንዱ ማረፊያ «ይህ ደራሲው የፈጠረው ነው፤ ይህ ግን ሆኗል» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ማስቀመጥ አለበት። ይህን የማያደርግ አስጎብኚ ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን አልከተለውም።

እኔ ልጆቹን ስድስት ኪሎ ይዣቸው ሄጄ የሞከርኩት ይህንኑ ነው። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በዛሬው ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣልያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። መጽሐፌን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና «እዚህ ልቦለድ የለም» አልኳቸው። የካቲት 12 ቀን 1929 በዚህ ግቢ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ በሦስት ቀን ውስጥ የተጨፈጨፈውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ብሎ ቆጥሮታል። ልጆቹ ደረጃውን በዓይናቸው ተከትለው ወደ ላይ ወጡ። ጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ ቆሟል። ከነፃነት በኋላ የእኛ ሰዎች ያስቀመጡት የይሁዳ አንበሳ ነው። ደረጃውን ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፤ አላፈረሱትም፤ በላዩ አንበሳቸውን አቆሙበት። እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው ያለፉ ሰዎች ልጆች መሆናችንን ብዙ ወጣት አያውቅም። ግቢው ውስጥ እየተማረ በየቀኑ አጠገቡ የሚያልፍ ተማሪ እንኳ ሳያውቀው ይመረቃል።

«ፒያሳ ፈርሷል፤ ምን ልታሳይ ነው?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ በ2016 የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ማታ ማታ ሕዝብ በእግሩ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ያሰኛል። የቀድሞው ሰፈር ነዋሪ ግን በየአቅጣጫው ተበትኗል። ከቤቶቹ የተረፈው በሰዎቹ አፍና በደራሲዎቻችን ገጽ ላይ ያለው ነው። የፈረሰ ቦታ ላይ መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳው በሌለበት ቃሉ ግድግዳውን መልሶ ያቆመዋል። ከዚያ የተነሡ ሰዎች ከሄዱበት ተጠርተው፣ ተገቢ ክፍያ ተከፍሏቸው ሰፈራቸውን ቢያስጎበኙ ደግሞ ከማንኛችንም የተሻለ ይናገራሉ።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የመጻሕፍት ክበቦች አሉን፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አለን፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛና የታሪክ መምህራን አሉን። በወር አንድ እሑድ፣ አሥር ሰው፣ አስቀድሞ የተነበበ አንድ ቅጽ ይበቃል። ጉዞው ጣይቱ ሆቴል ሊያበቃ ይችላል፤ በጥር 2007 እሳት በልቶት ዳግም የቆመ ቤት ነው፤ የእንጨት ወለሉ ሲረገጥ ይናገራል፤ እዚያ ምሳ እየበሉ ማውራት ይቻላል።

እኛም ያን እሑድ ያበቃነው እንዲሁ ነው። ልንለያይ ስንል ያች የኬኩን ጥያቄ ያነሣችው ልጅ መጽሐፉን አውሰኝ አለች። ከአባቴ ሞት በኋላ ያንን ቅጽ ለማንም አውሼ አላውቅም። አውጥቼ ሰጠኋት። የአውቶቡስ ቲኬቱን ካለበት ገጽ እንዳታነሣው ብቻ ነገርኳት፤ እሷም መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ ታክሲ ተሳፈረች። በሚቀጥለው ወር ሁለተኛውን ቅጽ ይዘን ከአራት ኪሎ እንጀምራለን፤ እስካሁን ዘጠኝ ሰው ተመዝግቧል።