ለክቡር የበዓል ሃም፣ ባሉበት

ለክቡር ባለ አጥንት፣ ባለ ማርና ባለ ሰናፍጭ የበዓል ሃም
ሰሜን ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ ስሜ ከስምዎ ጋር በአንድ ካርድ ላይ ስለመውጣቱ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤንነትዎን አልጠይቅም። ሐሙስ ዕለት ከአጥንትዎ በስተቀር ተበልተው አልቀዋል።

ክቡርነትዎ፣ እርስዎ የአሳማ ታፋ ነዎት፤ እኔና እርስዎ ትውውቅ የለንም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ይበላል ይላል። ሰኮናዎ ተሰንጥቋል፤ ማመስኳቱ ላይ ወድቀዋል። ከሁለት ጥያቄ አንዱን መመለስ በእኛ ቤት ማለፊያ አይደለም። በዚያ ላይ የነቢያት ጾም ነው። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 እንኳን እርስዎን ወተትም አንነካም። ስለዚህ እኔና እርስዎ አንድ ምድጃ ፊት የምንገናኝበት ምክንያት አልነበረም።

ምክንያቱ በኢሜይል መጣ።

ያንን ኢሜይል የማያውቅ የለም። "መልካም በዓል፣ ቤተሰብ!" ብሎ ይጀምራል። ሥሩ ላይ ለመሥሪያ ቤቱ የበዓል ግብዣ ማን ምን እንደሚያመጣ የሚመዘገብበት ሊንክ አለው። እኔ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። ሊንኩ የተላከው ጠዋት፣ መጋረጃ ዘግቼ በተኛሁበት ሰዓት ነው። ማታ ስነሣ ሶዳው ተይዟል። ቺፕሱ ተይዟል። የወረቀት ሳህኑ ተይዟል። በረዶውን ከሐረር የመጣችው ባልደረባዬ ወስዳዋለች። እሷ በየዓመቱ በረዶ ናት። በረዶ ሐላል ነው፣ የጾም ነው፣ ከነዳጅ ማደያ ይገዛል። ብልጥ ልጅ ናት።

"ዋና ምግብ፣ ግሌዝድ ሃም" የሚለው መስመር ላይ ደግሞ የእኔ ስም ተጽፎ ጠበቀኝ። አልጻፍኩትም። አስተባባሪዋ ናት የጻፈችልኝ፤ ከጎኑ ልብ አድርጋበታለች። ደወልኩላት።

"አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ! ያ የምስር ሳምቡሳሽ!" አለችኝ።

ጾም ላይ መሆኔን ነገርኳት። ጾም ባይሆንም እንደማልበላው ነገርኳት።

"ምንም ችግር የለም። አንቺ አትብዪ፤ ሥሪው ብቻ።"

ሥሪው ብቻ።

እሺ ብዬ ገዛሁዎት። የግሮሰሪውን ሰልፍ አልተርክም፤ ከገና በፊት ባለው ሳምንት እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ማሸጊያዎ ላይ በደቃቅ ፊደል "ውሃ የተጨመረበት" ይላል። ውሃ በፓውንድ ተመዝኖ ሲሸጥልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ማሸጊያዎ "የበሰለ" ነኝም ይላል። የበሰሉ ከሆነ ምድጃ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ለመሞቅ ነው አሉ። 325 ፋራናይት ላይ፣ ፎይል ተከናንበው፣ ውስጥዎ 140 እስኪደርስ ሰዓታት ይቀመጣሉ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ ያደገች ሴት ይህን ምግብ ማብሰል አትለውም። እንግዳ ማስተኛት ነው።

ከማስገባቴ በፊት ደግሞ አጥንትዎ ጫፍ ላይ የተለጠፈች ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን አገኘሁ። አጥንቱ ማሸጊያውን እንዳይበሳ የተደረገች ናት። ባላያት ኖሮ ባልደረቦቼ ፕላስቲክ በማር ይበሉ ነበር። ይህን ውለታ ይመዝግቡልኝ።

ዋናው ጣጣ ግን ግሌዝ የሚሉት ቅባት ነው። ብራውን ሹገር፣ ማር፣ የዲጆን ሰናፍጭ፣ የፖም ኮምጣጤ፣ የአናናስ ጭማቂ፣ ቅቤ። ከላይ ቅርንፉድ። ሰናፍጩና ቅርንፉዱ የእኔ ወገኖች ናቸው። አንዱን ከጾም ሳህን፣ አንዱን ከሻይ አውቃቸዋለሁ። እርስዎ ጋ ምን ሊሠሩ እንደሄዱ ይጠየቁልኝ። ቅባቱ መጣፈጥም መጎምዘዝም አለበት፣ እኩል። እኔ ደግሞ ቅቤ ስላለበት መቅመስ አልችልም፤ ቀኑም ረቡዕ ነው። ሳልቀምስ እንዴት ላመጣጥን?

ጎረቤቴን ጠራሁ። ኤል ሳልቫዶራዊት ናት። በማንኪያ ቀመሰችና "በጣም ጣፈጠ" አለች። ኮምጣጤ ጨመርኩ። ቀመሰች፤ አንድ ዓይኗ ተጨፈነ። ማር ጨመርኩ። እንዲህ ስንል ድስቱ ሞላ። በመጨረሻ አውራ ጣቷን አሳይታኝ ሮጣ ወጣች። ጥሞላት ይሁን ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት ሰዓት አልፎባት፣ እስካሁን አላወቅሁም።

ግሌዙ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባው፤ ቀድሞ ከተቀባ ስኳሩ ያርራል። ይህንንም አከበርኩ። ቆዳዎን በቢላ ሰያፍ በሰያፍ ጫርኩ፣ በየመገናኛው ቅርንፉድ ሰካሁ፣ ቀባሁ፣ እሳቱን ከፍ አደረግሁ። ሁለተኛ ልቀባዎት ትሪውን ወደ ራሴ ስስብ ያ የአሉሚኒየም ትሪ መሀሉ ላይ ታጠፈ። እርስዎ ወደ ግራ ተንከባለሉ። ግሌዙ ወደ ቀኝ ፈሰሰ።

የምድጃው ወለል ላይ መጀመሪያ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ወርቃማ ነበር፤ እንዲያውም ያምር ነበር። ከዚያ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ከዳር ዳሩ ጠቆረና ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ተነሣ። መስኮቱ ጋ ሳልደርስ ደወሉ ጮኸ። የቤቴ ደወል አይደለም። የሕንፃው ነው።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ እንደኛ ዓይነት ሕንፃ ላይ የኖረ ያውቀዋል። ግማሹ ነዋሪ አበሻ ነው። ሁሉም ጋቢውን ደርቦ፣ ነጠላ ጫማውን አድርጎ፣ በዚያ ብርድ ፓርኪንግ ላይ ተሰለፈ። እኔም ወጣሁ፣ እርስዎን ታቅፌ። ገንዘቤን ያፈሰስኩበትን ነገር ለጭስ ትቼ አልሄድም።

የጽዋ ማኅበራችን እማማ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ምን ተቃጠለ?"

"ስኳር ነው፣ እማማ።"

ነፋሱ ፎይሉን ገለጠው።

"ይሄ ደግሞ የምን ሥጋ ነው? በጾም?"

"ለመሥሪያ ቤት ነው እማማ፣ ለፈረንጆቹ።"

"ፈረንጆቹ እጅ የላቸውም?"

ዝም አልኩ። ምን ይባላል? ያን ጊዜ ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ አሸተተዎትና "ዋው! ደስ ሲል!" አለ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጎርናና ድምፅ። እማማ አማተቡ።

እስከዚህ ድረስ እችለው ነበር። ሐሙስ መጣ።

ጠረጴዛው መሀል አስቀመጡዎት። ከፊትዎ አንዲት ትንሽ ካርድ ቆማለች። ካርዷ ላይ ስሜ አለ። ከስሜ ሥር "የኢትዮጵያ ባህላዊ ሃም" ይላል። ከሱ ሥር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።

ባህላዊ! ንግሥተ ሳባ ኢየሩሳሌም ድረስ ለንጉሥ ሰሎሞን ሃም ይዛለት የሄደች ነው የሚመስለው። አስተባባሪዋን ሳያት በደስታ ታበራለች። "ባህልሽን እንድናከብርልሽ ብዬ ነው" አለችኝ። የምትለውን ከልቧ ነው የምትለው፤ ችግሩም እሱ ነው። ክፉ ብትሆን እኮ መልስ ነበረኝ።

ማንም ሳያይ ካርዷን ላነሣ እጄን ሰደድኩ። ካርዷ ያለችው እርስዎ እግር ሥር ነው። በዚያች ቅጽበት የስልክ ካሜራ ብልጭ አለ።

ፎቶው ማታውኑ የመሥሪያ ቤታችን ገጽ ላይ ወጣ። እኔ ፈገግ ብያለሁ፤ ሲደነግጡ ፈገግ ማለት የት እንደተማርኩ እንጃ። እጄ ወደ እርስዎ ተዘርግቷል። ካርዷ በደንብ ትነበባለች። ታግ ተደርጌያለሁ። ጠዋት ከአዲስ አበባ አክስቴ ደወሉ።

"ልጄ፣ ጾሙን ተውሽው እንዴ?"

አልተቆጡም። ቀስ ብለው ነው የጠየቁኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ለኮተቤ ሰው የሊንኩን ነገር በስልክ ከየት ጀምሬ ላስረዳ? በረዶው ተይዞ ነው ልበል?

ምግቡ ግን ተወደደ፤ ይህን አልክድም። "አሜዚንግ" ያላለ የለም። ሪሲፒ ጠየቁኝ። የሠራሁት መጣፈጡን ከሰው አፍ እየሰማሁ ሰላጣው ጋ ሄድኩ። ሰላጣው ላይ ቤከን፣ ያው የአሳማ ሥጋ፣ ተነስንሷል። ፎሶሊያው ውስጥም ቤከን አለ። ለምን በዳቦው ውስጥ እንደተዘነጋ አይገባኝም።

ፎርሙ ላይ "የምግብ ገደብ አለብዎት?" የሚል ሳጥን አለ። በየዓመቱ እሞላዋለሁ። የሚያነበውን ሰው የሚያውቅ ካለ ያገናኘኝ።

ደረሰኝዎን ሂሳብ ክፍል አልተቀበለውም። ግሌዝ ነክቶት ፊደሉ አይታይም፤ "ጥርት ያለ ኮፒ" ተብያለሁ።

ዓምና ደግሞ የደሞዝ ጭማሪ ስንጠይቅ የተሰጠን የዓመቱ ጉርሻ የሃም ኩፖን ነበር። ዝርዝር አልገባም።

ቆይ ግን። አንተ ሃም።

ዲሴምበር 25 ሌሊት የሚሠራው ማነው? እኔ ነኝ። እኔና የሐረሯ ልጅ። "የእናንተ ገና በሌላ ቀን ነው አይደል?" ብለው ይጠይቁኛል። አዎ እላለሁ፤ ፈረቃውን እወስዳለሁ። ልጆቻቸው ሳይመጡላቸው የቀሩትን ሽማግሌዎች አንተን አድቅቄ ከትፌ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ። በእነሱ አላማርርም፤ እነሱ ምን በደሉኝ። ግን ጃንዋሪ 7 ሲመጣ "ፕሮግራሙ ወጥቷል" ይባላል። ከኅዳር ጀምሬ በጽሑፍ የጠየቅሁት ቀን ነው! ዓምና ሌሊቱን ለቅዳሴ ልቀይረው የሚተካኝ አጣሁ። ቤተ ክርስቲያን በስልክ ነው ያስቀደስኩት፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ አንሶላ እየቀየርኩ። ልጆቼ ዶሮውን ከፍሪጅ አውጥተው ብቻቸውን አሞቁት። ዲሴምበር ላይ ገናዬ ሌላ ቀን መሆኑን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ጃንዋሪ ላይ አንድ ሰው አያስታውስም። የሐረሯ ልጅም ለኢድ እንዲሁ ናት። ካርድ ለመሥራት ሲሆን ባህል አለኝ፤ ለዕረፍት ሲሆን የለኝም።

አንተ ግን ሕግ ወጥቶልሃል። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ እ.ኤ.አ. በ1926፣ የስቴቱ ምክር ቤት ቁጭ ብሎ "ስሚዝፊልድ ሃም" መባል የሚችለው ስሚዝፊልድ ከተማ ውስጥ በጨው ታሽቶ፣ በጭስ ታጥኖ የተዘጋጀው ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። ማንም ተነሥቶ ካርድ ላይ የፈለገውን ስም እንዳይለጥፍብህ! ዘመድህም አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 በጨው የታሸ ሃም ሳይበላ ቀርቶ ዛሬም እዚያችው ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ባለቤቱ የነሐስ የአንገት ማሰሪያ አሠርቶለት፣ ሰው እንዲያየው በየኤግዚቢሽኑ ይዞት ይዞር ነበር። ያ ሃም ከ1902 ጀምሮ ዕረፍት ላይ ነው። እኔ የጠየቅሁት አንድ ሌሊት ነው።

ደብዳቤው ይፋዊ ስለሆነ ወደ አንቱታው ልመለስ።

ከክቡርነትዎ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ፎቶው ይውረድልኝ። ካርዷ ትቀደድ፤ "አሜሪካዊ ነኝ" ብለው በራስዎ አፍ ይናገሩ። ምድጃዬ ወለል ላይ የቀረውን ጥቁር ድንጋይ የሚፍቅ ሰው ይላኩልኝ፤ ቢላም አላነሣውም፣ ጨውና ኮምጣጤም አላነሣውም። ለአክስቴ ደግሞ በስልክ ይደውሉና ጉዳዩን ያስረዱልኝ። ከሰዓት በኋላ ይደውሉ፣ ከጸሎት በኋላ።

የሚቀጥለው ዓመት ሊንክ ሲላክ ተኝቼ አልገኝም። የስልኬን ደወል ከአሁኑ ሞልቼዋለሁ። ከሐረሯ ልጅ ጋር የሚያጣላን ከሆነም እንጣላለን፤ በረዶው የእኔ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የባህላዊው ሃም ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለፈረቃ አውጪዋ። ጃንዋሪ 7፣ ለአራተኛ ጊዜ።
ለሕንፃው ጥገና ክፍል። የተላከልኝ የ"ሐሰተኛ ደወል" ቅጣት እንዲነሣልኝ። ሐሰተኛ አልነበረም።
ለእማማ፣ 3ኛ ፎቅ። እጅስ አላቸው፣ እማማ። ሐሙስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነሡት።