ቢሲጂ ያሳመመው ሕፃን የሞኖሳይት ቁጥሩ ስንት ነበር?

ብዙዎቻችን ክንዳችን ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ አለች። የቢሲጂ ክትባት ናት። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕያው የሆነ የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ስንቱን ሕፃን ከአንጎል ሽፋን ቲቢ አትርፏል። እናም ከታች ያለውን ቆርጦ «ክትባት ልጅ ይገድላል» ብሎ ለመለጠፍ ያሰበ ካለ፣ ከወዲሁ ይለፈኝ።

እጅግ ጥቂት ሕፃናት ላይ ግን ይኸው ባክቴሪያ ከክንድ አልፎ ጉበትና መቅኒ ድረስ ይሰራጫል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኤች አይ ቪ ነው፤ ልክም ነው። ኔጌቲቭ ሲሆንስ? «የእግዜር ሥራ ነው» ብሎ ፋይል መዝጋት ተገቢ አይደለም ባይ ነኝ።

ነገሩ ያለው ማክሮፌጅ ላይ ነው። ማክሮፌጅ ጀርም ውጦ የሚፈጭ ሕዋስ ነው። ቲቢ ደግሞ ከተዋጠ በኋላ እዚያው ሆድ ውስጥ መኖር ያውቅበታል። ኢንፌክሽን ሲነሳ ወደ ቦታው ከሚደርሱት ማክሮፌጆች ብዙዎቹ ከመቅኒ ወጥተው በደም የሚዞሩ፣ ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የነበሩ ናቸው። አንድ ጀማሪ ሕዋስ ሞኖሳይት እንዲሆን የሚወስኑለት ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ዲኤንኤ ላይ ተቀምጠው አንዱን ጂን ያበራሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። አይአርኤፍ8 የሚባለው ከነዚህ አንዱ ነው። እሱ ከሌለ ሞኖሳይት አይሠራም፤ መቅኒው ኒውትሮፊል ወደሚባለው ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ ያደላል።

ይህ በአይጥ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። በሰው የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከእናትና ከአባቱ የወረሳቸው ሁለቱም የአይአርኤፍ8 ጂን ቅጂዎቹ የተበላሹበት ሕፃን ደሙ ውስጥ አንድም ሞኖሳይት አልነበረም። ቢሲጂው ሰውነቱ ውስጥ ተሰራጨ። ያዳነው ደም የሚሠሩ ሕዋሳትን የሚተካው የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ነው። አብረው የተጠኑ ሁለት አዋቂዎች ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር የተበላሸባቸው፤ በልጅነታቸው በቢሲጂ ቢታመሙም ችግራቸው ቀለል ያለ ነበር።

ማክሮፌጁ ኖሮም ላይሠራ ይችላል። «የዋጥከውን ግደል» የሚለው ትእዛዝ ኢንተርፌሮን ጋማ በሚባል መልእክት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ቢሲጂ የገደለው አንድ ቱኒዚያዊ ሕፃን የዚህ መልእክት ተቀባይ እንደሌለው ተገኘ። መልእክቱን ከተቀባዩ ይዞ ወደ ጂኖቹ የሚያደርሰው ስታት1 የተባለው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው። እሱ የተበላሸባቸው ሰዎችም እ.ኤ.አ. በ2001 ተለይተዋል። ሰው ቲቢን በምን እንደሚከላከል ከእነዚህ ጥቂት ልጆች የተማርነው ከስንት ሺህ አይጥ ከተማርነው አያንስም እላለሁ።

«እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው፣ ይሄ የዘመድ ጋብቻ በሽታ ነው» የሚል ይኖራል። ሁለት ቅጂ ለሚፈልገው ዓይነት በእርግጥ ይረዳል። አንድ ቅጂ ብቻ ለሚበቃው ግን ሰባት ቤት ቢቆጠር አሥር ፋይዳ የለውም፤ ጉዳቱ ልጁ ላይ አዲስ ሊፈጠርም ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መነሻው ርካሽ ነው። ሲቢሲ የሚባለውን ተራ የደም ቆጠራ ብዙ ሆስፒታል ይሠራዋል። የነጭ ሕዋሳቱን ዓይነት የሚለይ ማሽን ካለ የሞኖሳይት ቁጥር ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይወጣል። ችግሩ ዓይናችን ከጠቅላላው የነጭ ሕዋስ ቁጥር አይወርድም። ቢሲጂ የተሰራጨበት ሕፃን ላይ ያቺ መስመር ዜሮ ከሆነች ትልቅ ፍንጭ ናት። ስታት1ን ግን ሲቢሲ አያሳይም፤ የጂን ምርመራ ይፈልጋል። ለዚያ የሚሆን ደም ወረቀት ላይ አድርቆ ማቆየት ይቻላል። ለሕፃናት የኤች አይ ቪ ምርመራ ስናደርገው የኖርነው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌና በቲቢ ላይ የሚሠራው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ከሕፃናት ክፍሎች ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ናሙና የሚሄድበት የታወቀ መንገድ ይበጅ ነው የምለው።

«መድኃኒቱ ከሌለን ማወቁ ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ንቅለ ተከላ ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ግን ያቺ እናት ነገ ደግማ ትወልዳለች። በሽታው ሁለት ቅጂ የሚፈልገው ዓይነት ከሆነ ለሚቀጥለው ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አስቀድሞ ከታወቀ፣ ለዚያ ሕፃን ቢሲጂውን በተወለደበት ቀን ከመስጠት ይልቅ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ማቆየት ይቻላል። ይህን ለማድረግ አዋላጇ ካርዱ ላይ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ይበቃታል።