ማስተካከያ፦ ገደብ የጣሰ ሁሉ ወዲያው አይታሰርም

በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ለባለጉዳዮች በተሰራጨ ማብራሪያ ላይ «በገደብ የተለቀቀ ሰው አንድ ግዴታ ከጣሰ ወዲያውኑ ሙሉ ቅጣቱን ይታሰራል» ተብሏል። ትክክል አይደለም። ገደብ ማለት ፍርድ ቤቱ የወሰነውን ቅጣት ሳያስፈጽም አግዶ፣ ሰውየውን ግዴታ ሰጥቶ መልቀቁ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የፈተናውን ጊዜ፣ ማለትም በገደብ የተለቀቀው ሰው ጠባይ የሚታይበትን ጊዜ፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት አድርጎ ጥሰቶችን ይለያል። የታዘዘውን የጠባይ ደንብ ለጣሰ ሰው ፍርድ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያውን ችላ ካለ ግን ገደቡ ሊነሳ፣ የታገደውም እስራት ሊፈጸም ይችላል። በፈተናው ጊዜ አስቦ አዲስ ወንጀል የሠራ ሰው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ የቀድሞው ቅጣት ከአዲሱ ጋር አብሮ ይመጣበታል።

አመክሮ ሌላ ነው። እርሱ ከእስራቱ ሁለት ሦስተኛውን በመልካም ጠባይ ለፈጸመ ታራሚ የሚሰጥ፣ ከጊዜው በፊት የመፈታት ዕድል ነው፤ ማብራሪያው ሁለቱን ያደባለቀ ይመስላል።

እንዲህ ያለው ወሬ የሚጎዳው ደንጋጩን ነው። አንድ ቀጠሮ ያለፈው ሰው «አለቀልኝ» ብሎ ሲሸሸግ፣ በማስጠንቀቂያ ሊታለፍ የሚችለውን ጥፋት በገዛ እጁ ከክትትል የማምለጥ ጥፋት ያደርገዋል። የሐኪም ወረቀትም ይሁን ሌላ ማስረጃ ካለው፣ ይዞ ሳይውል ሳያድር ችሎቱ ፊት ቢቀርብ ይሻለዋል።