ኤምአርአይ «ንጹሕ» መሆኑ የመርሳት በሽታ የለም ማለት አይደለም

«እናቴ የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሥተው ንጹሕ ነው ስለተባለ፣ መርሳታቸው የዕድሜ ብቻ ነው» ያሉት መታረም አለበት። ኤምአርአይ የሚያነሣው የአንጎል ምስል ዕጢን፣ የደም መፍሰስን ወይም የስትሮክ ጠባሳን ለመለየት እጅግ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ዋነኛው የመርሳት በሽታ በሆነው በአልዛይመር የመጀመሪያ ደረጃ ምስሉ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ በሚኖሩባት ብሪታንያ የማስታወስ ክሊኒክ ስፔሻሊስቶች ታማሚዋንና በቅርብ የሚያውቃቸውን ሰው አነጋግረው፣ መርሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ መድኃኒታቸውን፣ ገንዘባቸውንና ማዕድ ቤታቸውን እንደ ወትሮው ይይዙ እንደሆነ በዝርዝር ይጠይቃሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትና አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶችም ማስታወስን ስለሚያውኩና መፍትሔ ስላላቸው፣ የደም ምርመራውና የመድኃኒት ዝርዝሩ አይታለፍም።

ማስታወስንና ማሰብን የሚለካው የጥያቄ ፈተናም ብቻውን አይበቃም። ከ30 ነጥብ በሚታረመው፣ «ሞካ» በተባለው ፈተና ታማሚው ሰዓት ሥሎ 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲያመለክት ይጠየቃል፤ አስተርጓሚው ይህን ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጦ «5 ሰዓት ከ10» ቢላቸው፣ እናትዎ በትክክል የሣሉት ሥዕል ስሕተት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለተማረ ሰው 1 ነጥብ ይጨመራል፤ ፊደል ላልቆጠሩ እናት ግን ይህ፣ በእኔ እምነት፣ ከቶ አይበቃም። በአውስትራሊያዋ ሲድኒ የተዘጋጀው «ሩዳስ» የተባለ ፈተና የባህልና የቋንቋ ልዩነት ታስቦበት የተሠራ በመሆኑ፣ እንዲጠቀሙበት መጠየቅ ይቻላል።

ስለዚህ መርሳቱ እየባሰ ከሄደ፣ የኤምአርአዩን ውጤት ይዘው ወደ ቤተሰብ ሐኪማቸው ይመለሱና ወደ ማስታወስ ክሊኒክ እንዲላኩ ይጠይቁ፤ የሚያስተረጉመውም ባለሙያ እንጂ ልጃቸው አይሁን።