12 ሰዓት ላይ እንወጣለን

አዲስ አበባ ውስጥ «ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንወጣለን» የሚለውን የሚያህል ያማረ ንግግር አልሰማሁም። አባወራው ማታ 4 ሰዓት ላይ ሳሎን መሐል ቆሞ ይናገረዋል። ሁሉም «እሺ» ይላል። የሚያምነው የለም፤ ተናጋሪውም አያምነውም። ቢሆንም ቤተሰቡ ቅር ሳይለው ይተኛል። እዚሁ አራት ኪሎ ያለው ፓርላማ እንኳ አንዳንዴ ድምፀ ተአቅቦ አይጠፋበትም፤ እኛ ቤት ግን ሁሌም በሙሉ ድምፅ ነው።

ይህን ጥበብ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። በተለይ ጎረቤቴን ሳይ። ሰውዬው ለጉዞ ሁለት ቀን ሲቀረው ጎማ ያስነፋል፣ ዘይትና የራዲያተር ውሃ ያያል፣ ሻንጣውን ማታውኑ ይጭናል። 12 ሰዓት ካለ 12 ሰዓት ነው። ገና 3 ሰዓት ተኩል ሲሆን ላንጋኖ ደርሶ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሯል። እሺ፣ ከዚያስ? ሲመለስ ምን ያወራል? «ሄድን፣ መጣን» ነው የሚለው። 200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንድ ወሬ ይዞ ካልተመለሰ ነዳጁን ምን አደረገበት? የፋሲካ ዕለት ማታ ደግሞ «የጎማ መንፊያ ላውስህ?» አለኝ። «መንገድ ላይ ይገኛል» አልኩት። እኛ ሀገር የማይገኝ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ ይገኛል።

በማግስቱ ለላንጋኖ ስንነሣ 12 ሰዓት ላይ የነቁት አክስቴ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ለጸሎት። አክስቴ ዕድሜያቸውን ካዛንቺስ ኖረው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ገላን ጉራ የገቡ ናቸው። ገላን ጉራ መውጫችን ላይ ስለሆነ ስናልፍ ከደጃቸው ማንሣት ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እኛን አይመጥንም። «ጠዋት እንዳንጠባበቅ» ተብሎ ዋዜማውን በሦስት ታክሲ አራት ኪሎ መጥተው አደሩ።

ጭነት ላይ የሚወዳደረን የለም። ደንባችን ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ በር ላይ የደረሰ ዕቃ መጀመሪያ ይገባል። ፍራሽ፣ የከሰል ማዳበሪያ፣ ረከቦት፣ ጀበና፣ የተረፈው ዶሮ ወጥ ከነድስቱ። ስኮርታው ከዚህ ሁሉ ሥር ነው፤ ውድ ዕቃ ደግሞ ከታች መቀበር አለበት። የቀረው በሙሉ በጥቁር ፌስታል ገባ፤ ፌስታሉ ሁሉ ሁለት ሁለቴ ተቋጠረ። ማን ምን እንደያዘ መጠያየቅ አለመተማመን ስለሚሆን አልተጠያየቅንም።

4 ሰዓት ከ20 ላይ ወጣን። ወጣን ስል ወደ ማደያ ማለቴ ነው። ዋዜማውን ነዳጅ መቅዳት የፈሪ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ በስልክ ነው የሚከፈለው፤ እኔም ይህን አውቄ ሌሊቱን ሙሉ በስልኬ የላንጋኖ ፎቶ ሳይ አደርኩ። ሰልፉ ላይ 40 ደቂቃ ቆመን ተራችን ሲደርስ ስልኬ ድርግም አለ። የባለቤቴ ስልክ ሙሉ ባትሪ አለው፣ ብር የለውም። ከኋላችን ክላክሱ ሲቀልጥ አክስቴ ከመቀነታቸው የቁልፍ ስልካቸውን ፈትተው አወጡና «ስንት ነው ልላክልሽ ልጄ?» አሏት።

ጎተራን አልፈን ሳሪስ ስንደርስ አክስቴ የደም ግፊት ክኒናቸውን ቤታቸው ረስተው እንደመጡ ትዝ አላቸው። ቃሊቲ ላይ ደግሞ ትንሹ ልጄ «ሊያስመልሰኝ ነው» አለ። ሎሚ ይዘናል። አንደኛውን ፌስታል ብንፈታ ካልሲ፣ ሁለተኛውን ብንፈታ በርበሬ፣ ሦስተኛው ባዶ ፌስታሎች የታጨቁበት ፌስታል። ልጁ አራተኛውን አልጠበቀም፤ በሦስተኛው ተገለገለ። ዝግጅት ማለት ይኼ አይደል?

ገላን ጉራ ገባን። ክኒኑ ወዲያው ተገኘ። ግን በዓል ነው፣ ቤት ተከፍቶ ቡና ሳይፈላ አይወጣም፤ ጎረቤቶቻቸውም መጡ።

የክፍያውን መንገድ የያዝነው ከ7 ሰዓት በኋላ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሚገኘው ከተማችን ወደ ስምጥ ሸለቆ እየወረድን መሆኑን ልብ ያልነው ሞጆ ላይ ነው፤ ልጆቹ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል። የዋና ቁምጣቸው አራት ኪሎ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

ቆቃን እንዳለፍን ጎማው ፈነዳ።

እውነቱን ለመናገር ጭነታችንን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስኮርታው ጋ ለመድረስ ሁሉም ወረደ። ፍራሹ ሣሩ ላይ ተነጠፈ፤ አክስቴ ተቀመጡበት። ትሪያንጎሎ የለንም፤ ቅጠል ቆርጠን አስፋልቱ ላይ እንዳንጥል ቢላዋ የያዘ የለም። የዶሮ ወጡን ድስት ከመኪናው ኋላ አቆምነው። ያየው ሹፌር ሁሉ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አንዳንዱ መስኮት ዝቅ አድርጎ «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ አለፈ። ፌስታሎቹ ሲፈቱ ሦስት ኪሎ ጨው ወጣ፦ አንዱ የባለቤቴ፣ አንዱ የአክስቴ፣ አንዱ የእኔ። በመጨረሻ ስኮርታው ወጣ። በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ገባ።

«ምን ያስቸኩላችኋል፣ ቡና ይፈላል» አሉ አክስቴ። ከሰሉ አለ፣ ጀበናው አለ፣ ቡናው ተቆልቶ ተወቅጦ መጥቷል፣ ስኳሩም አልጠፋ። ክብሪት ግን ሁላችንም ሌላው ይዟል ብለን ትተነዋል።

ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን ወደ መቂ የሚወርድ አይሱዙ ቆመልን። ሹፌሩ ስኮርታውን መቂ ጎሚስታ ጋ አድርሶ ለሚመለስ መኪና ሊሰጥልን ተስማማ። ረዳቱ ጎማውን ወርውሮ ጫነና ከሰሉን፣ ጀበናውን፣ ሁላችንንም ተራ በተራ አየ። ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ ለአክስቴ ሰጣቸው።

አክስቴ ተነሥተው መረቁት፤ አንድ ኪሎ ጨውም አስያዙት። ሁለት ይተርፈናል።