እንቁራሪት «ያላለቀ ሰው» ናት?

ጠረጴዛው ላይ ሁለት አጽም ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አንዱ የሰው፣ ሌላው የእንቁራሪት። ክርክሩን የጫረው የሕክምና ተማሪው ነው።

«ይህቺ የእኛው አጽም ረቂቅ ናት» አለ። «አንገት የሚባል የላት፣ የጎድን አጥንት የላት፣ ክንዷ ላይ ሁለት መሆን የነበረበት አጥንት አንድ ብቻ ነው። ተጀምሮ የቀረ ሥራ ነው የሚመስለው።»

የባዮሎጂ መምህሩ ከት ብሎ ስቆ ተቃወመ። «ኧረ ተው! እሷ ለመዝለል፣ እኛ ቆሞ ለመሄድ። ሥራቸው ካልተገናኘ አጥንት በአጥንት ማነጻጸር ከንቱ ልፋት ነው።»

አጽም እያጸዱና እየገጣጠሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሴት ሁለቱንም አዳምጠው ወደ ተማሪው ዞሩ። «ልጄ፣ አዋቂ ሰው ስንት አጥንት አለው?»

«206።»

«አራስ ልጅስ?»

«ወደ 300 የሚጠጋ፣ እትዬ። ከዚያ እያደገ ሲሄድ እርስ በርሱ ይጣበቃል።»

«እንግዲያው የአጥንት ማነስ አለማለቅ ከሆነ አራስ ልጅ ከአንተ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው። ቁጥሩን ተወውና አከርካሪውን ተመልከት።»

የሰው አከርካሪ በ33 አንጓ ይጀምራል፤ 7 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ፣ 5 የዳሌ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 የጅራት። የመጨረሻዎቹ ዘጠኙ በሁለት ቁራጭ ተጣብቀው አዋቂ ላይ 26 ይቀራሉ። በተለመደችው እንቁራሪት 9 አንጓ ብቻ ነው ያለው፤ የመጀመሪያው አንዱ ብቻ የአንገት፣ ዘጠነኛው ዳሌውን የሚይዝ። ከዚያ በኋላ አንድ ረጅም ዘንግ ይከተላል፤ ዩሮስታይል ይባላል። እጯ ወደ እንቁራሪት ስትለወጥ የጅራት አንጓዎቿ ተዋሕደው የሚሠሩት ነው።

ተማሪው ከአንጓዎቹ ግራና ቀኝ የወጡትን ረጃጅም ክንፎች አሳየ። «ታዲያ እነዚህ የጎድን አጥንት አይደሉም?»

«ሥሩን በጥፍርህ ዳስሰው። መገጣጠሚያ አለው?» የለውም። ክንፉ ከአንጓው የበቀለ የራሱ የአንጓው አካል ነው፤ የሰው 12 ጥንድ የጎድን አጥንት ግን ለብቻው ሆኖ ከአንጓው ጋር በመገጣጠሚያ ይያያዛል። ይህን ሳይዳስስ በዓይን ብቻ የሚፈርድ ሁሉ ይሳሳታል። የጎድን አጥንትም ድያፍራምም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ስለሌላት እንቁራሪት ደረቷን አስፍታ አየር መሳብ አትችልም፤ የአፏን ወለል ዝቅ ከፍ እያደረገች አየሩን ወደ ሳንባዋ ትገፋዋለች። ጉሮሮዋ ሥር ዘወትር የሚርገበገበው ይኸው ነው።

መምህሩ የእንቁራሪቷን እግር አነሳ። «እሺ፣ እዚህስ ጋ? ከጭን ቀጥሎ አንድ አጥንት፣ ከዚያ ሁለት ረጃጅም አጥንቶች ጎን ለጎን። ሁለቱ ቅልጥሟ ናቸው። ያ መሀል የገባው አንዱ አጥንት ታዲያ በእኛ ላይ የቱ ነው? አቻ የለውም። ማነጻጸር አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው።»

እትዬ አጽሙን ተቀብለው ከዳሌው ጀመሩ። «በቅርጽ አትሂድ፣ በመገጣጠሚያ ቁጠር። ዳሌ፤ ጭን፤ ጉልበት። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ቅልጥም ነው፤ ስለዚህ ቅልጥሟ ይሄ አንዱ ነው፣ ሁለቱ አጥንቶች ተዋሕደውበታል። ጫፉ ላይ ያለውን ቦይ አየኸው? የመጋጠሚያው ምልክት ነው። እነዚህ ጎን ለጎን ያሉት ከቁርጭምጭሚት በታች ናቸው። በእኛ እግር ላይ አንደኛው የተረከዝ አጥንት ነው፣ ሌላው ከእሱ በላይ ተቀምጦ ቅልጥሙን የሚሸከመው። እሷ ዘንድ ረዘሙ፤ እግሯ አንድ ተጨማሪ መታጠፊያ አገኘ።»

መምህሩ ራሱ ከዳሌው ጀምሮ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ወደ ክንዷ ሄደ። እዚያም እንዲሁ ነው፤ ከክርን በታች ያሉት ሁለቱ አጥንቶች ተዋሕደው በመሃላቸው ቦይ ቀርቷል። እጇ ላይ አራት ጣት፣ እግሯ ላይ አምስት። ከእግሯ የመጀመሪያ ጣት አጠገብ ያለችው ትንሽ ጉብታ ስድስተኛ ጣት ተብላ አትቆጠርም።

«ይሄ የደረቱ ጫፍ ለምን ተቆረጠ?» አለ ተማሪው።

«አልተቆረጠም፣ ተቀቅሎ ጠፍቷል። ያዘጋጀው ሰው በፈላ ውሃ ቀቅሎታል። የደረቷ ጫፍና የትከሻዋ የላይኛው ክፍል በአብዛኛው ካርቲሌጅ፣ ማለትም ለስላሳና ተጣጣፊ ክፍል ነው፤ ሲፈላ ይሟሟል፣ መገጣጠሚያውም ይላቀቃል። ይልቅስ ሥጋው በእጅ ይለቀምና ቀሪው ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ውሃው እየተቀየረ። ጅማቱ አይነካም፣ አጽሙን የያዘው እሱ ነው። ለማንጣት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ እሱም እየታየ ነው የሚወጣው። በረኪና ከነካው አጥንቱ ውሎ አድሮ ይፈረፈራል። ‹ያላለቀ› ካልከው ግማሹ የአዘገጃጀት ጉድለት ነው።»

ተማሪው አልተረታም። የእንቁራሪቷን ራስ ቅል ገልብጦ ከአከርካሪው ጋር የሚጋጠሙትን ሁለት ጉብታዎች አሳየ። «ይኸው፣ የእኛም ሁለት ነው! ቀጥታ ከእነሱ የወረስነው።»

«እንሽላሊትና ወፍስ? አንድ ነው ያላቸው። እንሽላሊት ደግሞ ከእንቁራሪት ይልቅ ለእኛ የቀረበች ዘመድ ናት። ሁለትነቱ በአጥቢዎችና በእንቁራሪቶች ዘንድ ለየብቻ የመጣ ነው።»

በእኔ ፍርድ ተማሪው ነገሩን ገልብጦታል። ከክርን በታች ሁለት አጥንት፣ በእጅ ላይ አምስት ጣት፣ ይህ የጥንቱ አሠራር ነው፤ ያቆየነው እኛ ነን፣ የለወጠችው እንቁራሪት ናት። ማስረጃው ከማዳጋስካር የተገኘው ትሪያዶባትራከስ የተባለው የእንቁራሪቶች ጥንታዊ ዘመድ ቅሪተ አካል ነው፤ ዕድሜው 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከዳሌው በፊት 14 አንጓ ነበረው፣ አጭር ጅራት ነበረው፣ የክንዱም የቅልጥሙም አጥንቶች ገና አልተዋሐዱም። ረቂቅ ፍለጋ ከሆነ በዚያ ረገድ ከዛሬዋ እንቁራሪት ይልቅ የእኛ ክንድ ለረቂቁ ይቀርባል።

እትዬ በአቆጣጠሩ ትክክል ናቸው። መምህሩ ግን ሙሉ በሙሉ መረታት አልነበረበትም። የዳሌዋ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች በመገጣጠሚያ ቆጠራ ስም ያገኛሉ፤ ለምን እንደረዘሙ ግን የሚገባን ስትዘል ስናያት ነው። በሰው ላይ ዳሌና አከርካሪ በጠንካራ ጅማት ታስረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይነቃነቃሉ፤ ሩቅ በሚዘሉት እንቁራሪቶች ያው መገጣጠሚያ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፣ ስትቀመጥ የጎበጠው ጀርባም መሬት ስትለቅ እዚያ ላይ ይቃናል። የሚያነጻጽር ሰው መጀመሪያ ከዳሌና ከትከሻ ተነሥቶ መገጣጠሚያ ይቁጠር፣ ስሙን ይስጥ፤ የመምህሩ የሥራ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ። መምህሩ የቅልጥሙን አጥንት አቻ ያሳጣው ቅደም ተከተሉን ስለገለበጠው ነው።